ጠብቆ ወይስ ላልቶ?

እናቴ ቢቸና ላለው ጎረቤት ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ፊደል ያስቆጥራል» ብላ ነግራለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ላርማት ሞክሬያለሁ። «እማዬ፣ የማስተምረው ኮሌጅ ነው፤ ተማሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው» ስላት «አወይ! እስከዛሬ ሳይማሩ ቀርተው?» ብላ አዘነችላቸው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣ ጓደኞቼም ከእሷ ብዙ አይሻሉም። አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ላብራቶሪ ይሠራል፣ አንዱ ጡረታ ወጥቷል፤ ሦስቱም በየተራ ያንኑ ይጠይቁኛል። ኮሌጅ ውስጥ ንባብ ብሎ ትምህርት ምንድን ነው? ኮሌጅ የደረሰ ሰው ማንበብ አይችልም እንዴ?

ይችላል እንጂ። ችግሩም እሱ ነው። ተማሪዎቼ ጮክ ብላችሁ አንብቡ ቢባሉ ሳይደናቀፉ ገጹን ይጨርሱታል። ቀን ሽማግሌ ሲያጥቡና ሲያለብሱ ውለው ማታ ነርስ ለመሆን የሚማሩ ሴቶች አሉ። ከውትድርና የተመለሱ አሉ። ከኤል ሳልቫዶር፣ ከካሜሩን፣ ከኛም አገር የመጡ አሉ። እዚሁ ተወልደው እዚሁ 12ኛን የጨረሱም ብዙ ናቸው። የምደባ ፈተናው ላይ ነጥባቸው ዝቅ ስላለ፣ ዋናውን የእንግሊዝኛ ኮርስ ከመያዛቸው በፊት ወደኔ ይላካሉ። ገንዘቡን ይከፍላሉ፤ ለዲግሪያቸው ግን አይቆጠርላቸውም። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚጠብቀኝ ፊት በየዓመቱ አንድ ነው፤ የተሰደበ ሰው ፊት።

ያንን ፊት አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ እኔም ለብሼው ነበር። እደርስበታለሁ።

ንባብ የጀመርኩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ የኔታ ዘንድ ነው። 5 ዓመት ቢሞላኝ ነው። ፊደሉ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ጠርዙ በልጅ እጅ ጠቁሯል። በስንደዶ እየነካን ሀ፣ ሁ፣ ሂ እንላለን፤ ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌሉ፣ መጨረሻ ዳዊት። የንባቡም ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቁጥር ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠሉ መጥራት። ከዚያ ግዕዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ቁም ንባብ የደረሰ ልጅ እንደ ወራጅ ውሃ ነው፤ የሚያቆመው የለም።

የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። መጽሐፉን አያዩትም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ያዳምጣሉ። 12 ልጅ በአንድ ጊዜ 12 የተለያየ ቦታ ላይ እየጮኸ ያነባል። እሳቸው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የአንዱን ስህተት ነጥለው «ጣልከው! አንሣው!» ይላሉ። የግዕዝ ቃል ተነሽ አለው፣ ወዳቂ አለው፣ ተጣይና ሰያፍ አለው። ጠብቆ የሚነበብ አለ፣ ላልቶ የሚነበብ አለ። ተነሹን የጣለ ኩርኩም ይቀምሳል። ዛሬ እኔ 22 ተማሪ ይዤ የማን ንባብ የት ላይ እንደተሰበረ ለመለየት ስቸገር፣ እኚያ ሰው በምን ዓይነት ጆሮ ይሰሙን እንደነበር ይገርመኛል።

በ7 ዓመቴ ዳዊት ደገምኩ። ዳቦ ተደፋ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ አባቴ ለየኔታ አዲስ ጋቢ አለበሱ። 150ውን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር እወጣዋለሁ። ምን እንዳልኩ ግን አንዲት መስመር አላውቅም። ግዕዝ ነዋ! ምስጢሩ የሚገለጠው ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት ለዘለቀ ተማሪ ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ አስኳላ ተላክሁ። እንግዲህ በሕይወቴ የመጀመሪያው ድግስ የተደገሰልኝ ምንም ያልገባኝን መጽሐፍ ስለጨረስኩ ነው ማለት ነው።

የቄስ ትምህርት ቤትን ማጣጣሌ እንዳይመስል። የየኔታ ትምህርት ጆሮዬን አሠልጥኖልኛል፤ ዛሬም የማላውቀውን ጽሑፍ ስይዝ መጀመሪያ የማደርገው በከንፈሬ ማንቀሳቀስ ነው። ብቻ ምላስ ከልብ ተለይቶ ብቻውን ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ በልጅነቴ አይቻለሁ። ተማሪዬ አንድ ገጽ እንደ ዳዊት አውርዶ ሲያበቃ «እሺ፣ ምን አለ ሰውዬው?» ብዬ ስጠይቀው ዝም ሲለኝ፣ ያ ዝምታ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው ከኔ በኋላ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ የኛ ሰፈር ተራ ሲደርስ፣ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ማታ ማታ መሄድ ጀመረች። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ እያደርም በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በዚያ ዘመን ከሆነው ሁሉ እናቴ ሳታማርር የምታነሣው እሱን ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነበር፤ ሰሜን። በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከእሱ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በፊት የመጡትን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ግን «ወዲህ በል፣ እኔው ነኝ የማነበው» አለች። በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል እየዘለለች ሳይሆን እየረገጠች አነበበችው። ለእገሌ ሰላም በሉ፣ ለእገሊት ሰላም በሉ የሚለው ካለቀ በኋላ መጨረሻው ላይ «አታስቡ፣ ገና እመጣለሁ» ይላል። ገና ስትል አጠበቀችው። እኔም በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ሳየው ያው ነው፤ የልደት በዓል። እናቴ ጌሾ አስወቀጠች። ዶሮ ገዝታ እግሯን አሰረች። ገና መጣ፣ ወንድሜ አልመጣም። ጥምቀትም አለፈ። ዶሮዋን ለማረድ እጇ እምቢ ስላላት ፈታ ለቀቀቻት፤ ጾሙ ሲገባ እንቁላል መጣል ጀመረች።

ወንድሜ የመጣው ከ2 ዓመት በኋላ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው። ነገሩን ስናወራለት ደነገጠ። እሱ ሲጽፍ አላልቶ ነበር፤ ገና፣ ወደፊት፣ እግዜር ሲል። «በዓሉን ብል ‹ለገና እመጣለሁ› አልል ነበር?» አለን። እውነቱን ነው። «ለ» የለችም። የለችምን ሁለታችንም አላየናትም፣ ልናያትም አልፈለግንም።

ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም። «ዋና» ወይ ወንዝ ውስጥ የሚዋኙት ነው ወይ ከሁሉ የሚበልጠው። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ነው ወይ ያልጠበበው ቦታ። «ይመታል» የተባለው መቺ ይሁን ተመቺ ፊደሉ አይነግርህም። ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ሰው ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ አስቀድሞ ገብቶት መገኘት አለበት። እንግሊዝኛም ቢሆን «አነባለሁ» እና «አነበብኩ» የሚሉትን በአንድ ዓይነት አራት ፊደል ጽፎ አንዱን ሪድ፣ ሌላውን ሬድ ያሰኛል፤ ተማሪዎቼ ላይ በየዓመቱ የምፈትናት እሷን ነው። ይህ ነገር ስንት ወፍራም መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላም የማምንበት ብቸኛው የንባብ ትምህርቴ ነው፤ ትርጉም ከንባብ በኋላ የሚመጣ ሳይሆን ቀድሞ ገብቶ የሚጠብቅ ነው። ችግሩ የሚጠብቀው ነገር አንዳንዴ ጌሾና ዶሮ ይዞ መጠበቁ ነው።

ልብ ወለድ የለመድኩት ደግሞ በጆሮዬ ነው። ጎረቤታችን ሬዲዮ ነበረው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ግቢው በሰው ይሞላል። የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ ሲያመጣ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ባላባት አስታውሰው ይተያያሉ። ታሪኩ የኛው የጎጃም ነው፤ ማንኩሳ፣ ዲማ፣ የምናውቃቸው ስሞች። ሬዲዮ ላይ የሰፈርህን ስም ስትሰማ ምን እንደሚሰማህ ለከተማ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። መጽሐፉን ራሱን በእጄ የያዝኩት 9ኛ ክፍል ሆኜ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከመምህር ተውሼ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ያንን መጽሐፍ ሰው የፍቅር መጽሐፍ ይለዋል፤ ስለ ባላባት ሥርዓት ነው የሚልም አለ። እኔ ግን ካስተማርኩ በኋላ ደግሜ ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው። በዛብህ እኮ የንባብ አስተማሪ ነው! ፊታውራሪ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ያ ሁሉ መከራ፣ ያ ሁሉ ስደት የመጣው ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ላይ አብረው ስላጎነበሱ ነው። ይህን ቡና ላይ ሳነሣ ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ «አንተም እንግዲህ ተጠንቀቅ» አለኝ። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን አብሮ ማንበብ አደገኛ መሆኑን ከሐዲስ በላይ ያሳየኝ ደራሲ የለም። አንድን ሰው ጽሑፍ ስታስነብበው አእምሮው ሲሠራ ታየዋለህ፤ ይህ ከገላ ያልተናነሰ እርቃን ነው።

ዩኒቨርሲቲውን ዘልዬዋለሁ። አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ተማርኩ፣ ጎጃም ተመልሼ 2ኛ ደረጃ አስተማርኩ፤ በ1989 ዓ.ም. ዲቪ ደረሰኝ።

ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አጠገብ ፓርኪንግ ገባሁ። እንደኔ ዲግሪውን ይዞ ትኬት የሚቆርጥ ሐበሻ በየብሎኩ ነበር። ዳሷ ጠባብ ናት፣ በክረምት ከእግር ሥር ማሞቂያ አላት፤ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ መኪና ስለማይበዛ እንደዚያ ያነበብኩበት ጊዜ የለም። ከዓመታት በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ዲናው መንግሥቱ ያንኑ ሎጋን ሰርክል ላይ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊን የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ባለታሪክ ሲያደርገው በባቡር እየሄድኩ አንብቤ መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ። የማንኩሳው ነገር በሌላ መልኩ ተመለሰብኝ፤ የሰፈሬ ስም፣ በሌላ ሰው አፍ፣ በባዕድ ቋንቋ።

ፓርኪንጉ ሲሰለቸኝ መጀመሪያ አንድ ኮሌጅ ልመዘገብ ሄድኩ። የምደባ ፈተና አስቀመጡኝ። የእንግሊዝኛ ዲግሪ አለኝ፣ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ ተዝናንቼ ነው የገባሁት። አንዱ ምንባብ ስለ ሁለት ጎረቤታሞች ነበር። አንደኛው በግቢው ያለውን ሣር ሳምንታት ሳያጭድ ይቆያል። ሌላው ደጋግሞ ያየዋል፣ ይበሳጫል፣ በመጨረሻ ራሱ ማጨጃውን ይዞ ሄዶ የሰውዬውን ሣር ያጭደዋል። ጥያቄው፦ ሁለተኛው ሰው ይህን ያደረገው ለምንድን ነው? ከአራቱ ምርጫ አንዱ «ሣሩን ፈልጎት» የሚል ነበር። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሣር የሚታጨደው ለከብት ነው። ባለቤቱ ዝም ብሎ ሲያስረጀው የጎረቤቱ በሬ ተርቧል፤ የሚያናድድም ነገር ነው። እሱን አከበብኩ። ቀጥሎ ስለ ሰውዬው ጠባይ ለተጠየቀው ደግሞ ሌብነት የሚመስለውን መረጥኩ። የምንባቡን ቃላት አንድም ሳይቀር አውቃቸዋለሁ፤ ትርጉማቸውን ቁጭ ብለህ ጻፍ ብትለኝ እጽፍ ነበር።

ውጤቱ መጥቶ ዝቅተኛው የንባብ ክፍል ውስጥ ተመደብኩ። እንግዲህ ያ ፊት የዚያን ጊዜ ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ተኮፍሼ ተማርኩ። የሣሩ ነገር የተገለጠልኝ ከዓመት በኋላ፣ የቤታችን አከራይ ሣሩ ስላደገ ከማዘጋጃ ቤት ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ነው። እዚህ አገር ሣር ማለት የሰው ፊት ነው፤ ያልታጨደ ሣር እንዳልተላጨ ጺም የሰፈሩን ስም ያጎድፋል። «ገና»ን እንዳነበብናት ነበር ሣሩንም ያነበብኩት።

ማስተርሴን የንባብ ትምህርት ላይ ያደረግኩት በቁጭት ነው ብል ውሸት አይሆንም። እዚያ ስማር ነው ሬክትና ሌስሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ያገኘሁት። ለ64 የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ ሰጧቸው። ከተማሪዎቹ ንባብ ጎበዝ የተባሉ አሉ፣ ሰነፍ የተባሉ አሉ፤ ቤዝቦል የሚያውቁ አሉ፣ የማያውቁ አሉ። ንባብ ደካማ ተብለው ቤዝቦል የሚያውቁት፣ ንባብ ጎበዝ ተብለው ቤዝቦል ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ንባብ ሰነፍ አልነበርኩም፤ የጎደለኝ ሣር ነበር።

ስለዚህ ሴሚስተሩን የምጀምረው በአንድ አንቀጽ ነው። ብራንስፎርድና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ሙከራ አይቼ የሠራኋት ናት። እነሱ ልብስ ስለ ማጠብ ርእስ የሌለው ጽሑፍ አዘጋጅተው፣ ርእሱ ያልተነገረው ሰው ጽሑፉ እንዳልገባውና እንደማያስታውሰው አሳይተዋል። የኔዋ እንዲህ ትላለች፦ መጀመሪያ ከውሃ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ለጥቂት ቀን ይተዋል። ከላይ የቆመው ይደፋል። ትንሹ ተቀንሶ እሳት ያያል፤ ተመልሶ ከቀረው ጋር ሲቀላቀል ሁሉም ይነሣል። ሳይነሣ የቸኮሉበት እንደሆነ ዓይን አይኖረውም።

በእንግሊዝኛ ነው የማድላቸው። ክፍሉ ግራ ይጋባል። «ዓይን» ላይ ሲደርሱ ስለ ፅንስ ነው የሚል አይጠፋም። አንድ ጊዜ ወሩን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰች የደሴ ልጅ ከኋላ ሆና አፏን በእጇ ይዛ ስትንፈቀፈቅ አየሁ። ምን ያስቅሻል አልኳት። «ጋሼ፣ አብሲት ነው እኮ!» አለች፤ በአማርኛ፣ ሁሉም ፊት። ከዚያ ተነሥታ ለ20 ሰው ስለ እንጀራ አስረዳች። በአንድ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠች አንባቢ እሷ ሆነች። እዚህ መምህርን በስሙ ነው የሚጠሩት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያ ክፍል በሙሉ፣ ሳልቫዶሮቹም ሳይቀሩ፣ «ጋሼ» ሲለኝ ከረመ። ስሜ መስሏቸው ነው።

ካስነበብኳቸው ሁሉ የማልለውጠው በባርነት የተወለደው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ነው። ምክንያቱ የሰፈር ነው፤ ሰውዬው የሜሪላንድ ልጅ ነው፣ ፊደል የቆጠረባት ባልቲሞር ደግሞ ከክፍላችን የአንድ ሰዓት መንገድ አትሞላም። የአሳዳሪው ሚስት ፊደል ልታሳየው ጀምራ ባሏ ከለከላት። እሱ ከቤት ዳቦ እየያዘ ወጥቶ፣ ለሰፈሩ ደሃ ነጭ ልጆች ዳቦውን እየሰጠ በምትኩ ንባብ ተቀበላቸው። ይህ ታሪክ ለኛ አገር ሰው ምን ያህል ቅርብ ነው! በየደጁ ቁራሽ ለምኖ፣ ኮቾሮውን በአኩፋዳ ይዞ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ዳቦውን ለመማር ይቀበላል፤ ዳግላስ ለመማር ይሰጣል። ኮርሱ ስለማይቆጠርለት ያኮረፈ ተማሪዬ እዚህ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ኩርፊያው ትንሽ ይበርዳል። ሁሌ አይደለም። አንዱ «እሱስ በዳቦ ተማረ፣ እኔ በሺህ ዶላር» ብሎኛል፤ መልስ አላገኘሁለትም።

ቀስ ብዬ የማነብ ሰው ነኝ፤ እየባሰብኝም ሄዷል። ዳኛቸው ወርቁን በዓመት አንዴ እደግማለሁ፤ «አደፍርስ» ውስጥ አረፍተ ነገሩ አውቆ ያደናቅፍሃል፣ እኔም መደናቀፉን እወደዋለሁ። በአንድ ደቂቃ ሺህ ቃል ታነባለህ የሚል ሥልጠና የሚሸጥ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ዓይን መስመሩ ላይ አይንሸራተትም፤ ይዘላል፣ ያርፋል፣ ይዘላል። አንዷ ዕረፍት የሰከንድ ሩብ ገደማ ትወስዳለች፣ ጎበዝ አንባቢም ከዝላዩ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ወደ ኋላ ነው። ወደ ኋላ መመለስ ስንፍና አይደለም። እኔና እናቴ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰን ቢሆን «ለ» አለመኖሯን እናይ ነበር።

አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ሻንጣዬ በአሮጌ መጽሐፍ ይሞላል። እህቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች፤ ሚዛን ላይ ሲደርስ አንዱ መቅረት አለበት። ባለፈው የቀረው ሽሮው ነው፤ እስካሁን ታኮርፈኛለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴ ጋ ደወልኩ። ዓይኗ ደክሟል፤ ደብዳቤ የሚጽፍም የለም። በነገር በነገር የሣሩን ታሪክ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያፈርኩበትን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ጎረቤታሞቹን፣ ፈተናውን፣ መውደቄን። ሳትስቅ አዳመጠችኝ።

«ታዲያ ካጨደው በኋላ ሣሩን ምን አደረገው?» አለች።

«በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ደጅ ያወጣዋል። የቆሻሻ መኪና ይወስደዋል።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እርጥቡን?» አለች።